አሚናችንን መልሱልን

ማለዳ ከወልድያ መነኻሪያ ወደ መርሳ ስሳፈር ሆዴ በነገር ተሞልቶ ነበር። ለትውልድ መንደሬ ለግራና የሚተከለው የውሃ ቦኖ የት ይቁም በሚለው ላይ የሚመክር፣ መርሳ በወረዳው አዳራሽ የሚሰበሰብ የሕዝብ አማካሪ ኮሚቴ አለ። የማስተምረው ወልድያ ቢሆንም፣ የመንደሬ ሰዎች "አንተ አፍ አለህ" ብለው እኔን መርጠዋል። እናቴ ዛሬም ጀሪካን አዝላ ከወንዝ ነው የምትቀዳው፤ ቦኖው መንደሩ መሀል ካልቆመ ወገቧ አያርፍም።

ሚኒባሱ ትርፍ ጭኖ ጉልበቴ ከአገጬ ጋር ተገናኘ። ታሪፉን ብጠይቅ ረዳቱ "ካልተመቸህ ውረድ" አለኝ። መርሳ መንገድ ዳር ማንጎ ተከምሯል፤ አንዱን እዚያው ቆሜ ላጥኩት። የኮሚቴያችን ሽማግሌ ሼህ ይመር ከግራና በባጃጅ መጥተው አቧራቸውን ሲያራግፉ አገኘኋቸው።

"እንዴት አደሩ ሼህ ይመር?"

"አልሐምዱሊላህ። ሰማህ ወይ? ቦኖው ቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሊቆም ነው። ሰው በሌለበት ጋራ ላይ! ቁፋሮው ተጀምሯል።"

"ማን ወሰነ?"

"እኛ ነና!" ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አላማረኝም።

አዳራሹ ውስጥ

ኮሚቴውን እንዲከታተል ከወረዳው የተመደበው ኃላፊ አርፍዶ መጣ። ሥራው እኛን ሰምቶ ለበላዮቹ ማድረስ ነበር። ምን ያደርጋል! እሱ ይጠራል፣ እሱ ያወራል፣ እሱ ይበትናል፤ እኛ ለጭብጨባ ነን።

"በእኛ ስም ማን ወሰነ?" አልኩት ብድግ ብዬ።

"መምህር፣ ረጋ ይበሉ። ባለፈው ስብሰባ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።"

"መቼ እጅ አወጣን?"

"እጅ ምን ያደርጋል? ዕቅዱን አነበብኩ፤ ሼህ ይመር መረቁ፤ ሁላችሁም አሚን አላችሁ።"

ደሜ ፈላ። ያነበበው እንኳ "አመቺ ቦታ ላይ" የሚል ነበር። እዚህ አገር ስብሰባ በዱዓ ይከፈታል፣ በዱዓ ይዘጋል፤ ሙስሊሙ አሚን፣ ክርስቲያኑ አሜን ይላል። አሚን ያልነው ለዝናቡ፣ ለሰላሙ፣ ለከብቱ ነው። ለካ ሰውየው ምርቃታችንን ድምፅ ብሎ ሲቆጥር ኖሯል! ኧረ እንዴት ያለ ድፍረት ነው?

ጭራሽ ሰዓቱን አየና፣ "በሉ ሼህ ይመር፣ በዱዓ ይዝጉልን" አላቸው።

ሽማግሌው እጃቸውን አላነሱም።

"ልጄ፣ መጀመሪያ ያለፈውን አሚናችንን መልስልን።"

ኃላፊው ሁላችንንም ተራ በተራ አየ፤ የሚመርቅለት አጣ። ያለ ምርቃት ተነስቶ መውጣቱን ደግሞ እሱም ፈራ መሰለኝ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

"እሺ፣ የት ይሁን ትላላችሁ?"

ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ሲጠይቀን ገና የመጀመሪያው ነው። መንደሩ መሀል አልነው፤ ቁፋሮውን አስቆማለሁ አለ። ሼህ ይመር ግን "ቦኖው መሀል ሲቆም እንመርቃለን" ብለው ወጡ።

ወልድያ

አመሻሽ ላይ ቤቴ ደረስኩ። ባለቤቴ የሆነውን ሰምታ፣ "እሰይ! ውሃውን እማማ ደጅ ያምጣው!" አለች።

መልሴ አፌ ላይ ነበር። መጀመሪያ ግን ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

"ምነው? ሰው አለ እንዴ?"

"ኃላፊ እንዳይሰማኝ ነው" አልኳትና ድምፄን ዝቅ አድርጌ አሜን አልኩ።