ጋሽ ሽኩር በሙጫ የለጠፏቸው ቃላት

የጋሽ ሽኩር ልጅ ሪሐና ዛሬ ጠዋት ደውላ «አባዬ አረፈ» ስትለኝ «የማን አባት?» ብዬ ጠየቅኳት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። እኔ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ።

ጋሽ ሽኩር ትናንት ከሰዓት በኋላ ምን አለሽ ተራ ባለችው ሱቃቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። የሙጫው ቆርቆሮ አጠገባቸው ተከፍቶ ነበር።

ለማታውቋቸው፦ አሮጌ ወረቀት ለመጠቅለያ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ከክምሩ ውስጥ የእንግሊዝኛ ኮሚክ ሲያገኙ ግን አይሸጡትም፤ በተለይ «መዳብ እጅ»ን። መዳብ እጅ ግንብ በጥፊ የሚያፈርስ ጀግና ነው፤ ኤልዳ የምትባል ሴት ይወዳል። ጋሽ ሽኩር የገጸ ባሕርያቱን ንግግር በአማርኛ በትናንሽ ነጭ ወረቀቶች ይጽፉና ሥዕሉ ላይ፣ በእንግሊዝኛው ቦታ፣ ይለጥፉታል። ቃል ሲቸግራቸው እኔን፣ ጡረታ የወጣሁትን የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ይጠይቁኛል። እሑድ እሑድ ሱቃቸው ተሰብስበን እናነባለን፤ እንከራከራለን።

ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤት ውስጥ ከአንባቢዎቻችን አንዱ የሆነው ጫማ ነጋዴው ሰሚር አጠገቤ ተቀምጦ፣ ሳይተረጎሙ የቀሩትን ሦስት የ«መዳብ እጅ» ቁጥሮች እኔ እንድተረጉም ለመነኝ። ኤልዳ ዝም እንዳትልብን አለ። መልሴን እዚሁ እሰጣለሁ። በመጀመሪያ ግን እውነቱን ማወቅ አለባችሁ።

ክርክራችን ሁልጊዜ ስለ ኤልዳ ነበር። ፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ፀሐይ፣ ዓለምን ላድን ብሎ በየቀኑ ከቤት የሚወጣ ወንድ ለትዳር አይሆንም፣ ትተወው ትላለች። ሰሚር ሁለቱ ያልተጋቡት እትዬ አስካለ፣ እኔን ማለቱ ነው፣ ፈተና ስላላሳለፏቸው ነው እያለ ይተነኩሰኛል። አንድ እሑድ ግን ሳቁን ትቶ፣ የኤልዳን ንግግር የሚጽፈው ሌላ ደራሲ መሆን አለበት፣ ቃሏ ከሌሎቹ ይለያል አለ።

ድምፃችን ከፍ ሲል ጋሽ ሽኩር ቀና ሳይሉ «ቀስ በሉ፣ ትሰማችኋለች» ይሉን ነበር። እንስቃለን።

አንድ ክረምት እርጥበት አንዱን ወረቀት አላቀቀው። የኤልዳ ንግግር ነበር። ከሥሩ እንግሊዝኛ የለም። የተሳለ ግድግዳ ብቻ። ሌላውንም የእሷን ንግግር በጥፍሬ አነሳሁት፤ ግድግዳ።

መጽሔቶቹን ተውሼ መሳለሚያ ቤቴ ወስጄ፣ የተለጠፉትን ወረቀቶች ቀስ ብዬ እያነሳሁ እንግሊዝኛውን ከመጀመሪያው አነበብኩ። ኤልዳ ገና በአራተኛው ቁጥር ሞታለች፤ የተለጠፈው አማርኛ ግን «ተኝታለች» ብቻ ይላል። ከዚያ ወዲህ የምትታየው ለመዳብ እጅ ብቻ ነው። በር ላይ ትቆማለች፤ ከኋላው ትቆማለች። አንድም ጊዜ አፏን አትከፍትም።

የወደድነው ቃሏ ሁሉ፣ «አልሄድኩም፣ ዞር ብለህ እይ» ያለችውም ጭምር፣ በመጽሔቱ ውስጥ የለም።

ጋሽ ሽኩርን ብቻቸውን ሲሆኑ ጠየቅኳቸው። ብሩሹን አላስቀመጡም።

«እኔ አልጻፍኩትም እትዬ» አሉኝ። «ሱቁ ጸጥ ሲል ትናገራለች። የሰማሁትን ነው የምለጥፈው።»

አልቀለዱም። ተማሪ ከራሱ አንድ ቃል ቢጨምር ነጥብ የምቀንስ ሰው፣ ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ዛሬ ሪሐና ትናንት ይሠሩበት የነበረውን ቁጥር ሰጠችኝ። በመጨረሻው ገጽ ኤልዳ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ከራሷ በላይ ሙጫው በደንብ ያልደረቀ ወረቀት አለ። «ይበቃሃል። ተነስ፣ እንሂድ» ይላል።

የጋሽ ሽኩር እጅ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጽሑፋቸውን የማነበው በግምት ነበር። ይህ ጽሑፍ የእሳቸው ነው፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ። ግን አንድም መስመር አልተንቀጠቀጠም። ያየሁትን እናገራለሁ፤ ከዚያ በላይ አልጨምርም።

እንግዲህ ሰሚር፣ መልሴ ይኸው። ሦስቱን ቁጥሮች እተረጉማለሁ፤ የተጻፈውን ብቻ። ኤልዳ በቆመችበት ቦታ ሁሉ ግድግዳው ይታያል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ጆሮዬን ሰጥቼ ቆይቻለሁ። ምንም የለም። እዚያ ያለች አይመስለኝም።

ጋሽ ሽኩር፣ የሰውን ሁሉ ስሕተት ሳርም የእርስዎን ያለፍኩት፣ እስከ ዛሬ ስሕተት ነው ለማለት ስላልደፈርኩ ነው። በደኅና ይሂዱ። አይቸኩሉ፤ መንገዱን እሷ ታውቀዋለች።