ጆንያ ብዬ የሰደብኩት ተጫዋች

ቤዝቦልን ያወቅኩት አስመራ ነው። አባቴ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ውስጥ አትክልተኛ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ ይዞኝ ይሄዳል፤ እሱ ሣር ሲያጭድ እኔ ወታደሮቹ ሲጫወቱ አያለሁ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ለመምታት ይሞክራል፣ ከመታ ይሮጣል፤ የቀረው ሁሉ ቆሞ መጠበቅ ነው። አባቴ «የሰነፎች ጨዋታ» ይለው ነበር። እኔ ግን በሰባት ዓመቴ ተለክፌ ቀረሁ። ስለዚህ በሱዳን በኩል አድርጌ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከገባሁ በኋላ፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ከተማዋ የራሷ ቤዝቦል ቡድን ሊኖራት ነው ሲባል ከሐበሻው ሁሉ እልል ያልኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እልልታው ብዙ አልቆየም። የመጀመሪያውን ጨዋታ ለማየት ከምኖርበት ከቤልትላይን ሰፈር ሁለት አውቶቡስ ለውጬ ስደርስ ሜዳው ላይ በረዶ እየጠረጉ ነበር። ብርድ ልብስ ተከናንቤ የብረቱ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ቡድኑ ከብርዱ ይብስ ነበር። ካልጋሪ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ የተመታ ኳስ ሩቅ ይሄዳል እያሉ ያመካኛሉ። የእኛ ወርዋሪዎች የሚወረውሩት ኳስ ግን ባሕር ዳርቻም ቢመታ ሩቅ ይሄድ ነበር። እናቴ በግራ እጇ ብትወረውር ይሻላል።

ባለቤቴ አዲስ አበባ ያደገ የእግር ኳስ ሰው ነው። አንድ እሑድ ለምኜ ወሰድኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲመለከት ቆየና፣ «መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ። ተበሳጨሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ቡድኑ የራሱ አለመሆኑ ነበር። ድንበር ማዶ ያለ አንድ ትልቅ ክለብ ልጆቹን የሚያሳድግበት የችግኝ ጣቢያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ረጅም ልጅ ነበረን፤ ዱላውን ሲያወዛውዝ እንኳን ኳሱ አየሩም የሚሰነጠቅ ይመስላል። ወደድኩት። ሰኔ ላይ በድምፅ ማጉያው «ወደ ላይ ተጠርቷል፤ ከእንግዲህ ከእኛ ጋር አይደለም» ተባለ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ የስንዴ ገበሬ ነበሩ፤ ሽማግሌ፣ ባርኔጣቸውን ለብሔራዊ መዝሙር ብቻ የሚያወልቁ። ወደሳቸው ዞርኩ።

«ቤታችሁ ሲዘረፍ ታጨበጭባላችሁ?» አልኳቸው።

«ልጁ እኮ ከፍ አለ፤ ደስ ሊልሽ ይገባል።»

«እኛስ?»

«እኛማ እዚሁ ነን» አሉና ለውዛቸውን መፈልፈል ቀጠሉ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለውን በእንግሊዝኛ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አልተሳካልኝም።

ማንም የማይወስደው አንድ ሰው ብቻ ነበረን። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው፣ ካቸር የሚሉት። ሠላሳን አልፏል፣ ጉልበቱ አልቋል፣ ሆዱ ከቀበቶው በላይ ይታያል። የሚሮጠው ሁለት ጀሪካን ውሃ እንደተሸከመ ሰው ነው። ጥሩዎቹ እየሄዱ እሱ በቀረ ቁጥር ንዴቴ ሁሉ እሱ ላይ ያርፍ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት፣ የሐዋርያት ጾም ላይ፣ በዙሪያዬ ሁሉም ሆትዶግ ሲበላ እኔ በባዶ ሆዴ ተቀምጬ ሳለ፣ ካቸሩ እግሩ ሥር የወደቀ ኳስ ለማንሳት ዘመን ፈጀበት። ከምሠራበት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ የጠዋት ፈረቃዬን ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ ጀርባዬ ይጠዘጥዘኛል። ብድግ ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ፦

«ተነስ እንጂ! አንተ ጆንያ!»

ሽማግሌው ደስ አላቸው። ማበረታቻ መስሏቸው ነው። «ጆንያ!» ብለው ደገሙት። ከኋላችን የነበሩት ተቀበሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ዱላ ይዞ ሲወጣ በእኛ በኩል ያለው ሰው ሁሉ እግሩን ብረቱ ላይ እየደበደበ «ጆን-ያ! ጆን-ያ!» ይል ጀመር። እኔ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ቆቡን አንስቶ እጅ ነሳን።

አንድ ቀን ከጨዋታ በፊት ወደ አጥሩ መጣ።

«አንቺ ነሽ አሉ የጀመርሽው። ቋንቋሽ ነው? ምን ማለት ነው?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ አንደበቴ ግን ለውሸት አልፈጠነም። «እህል የሚሞላበት ከረጢት ነው» አልኩት።

«ትልቅ ከረጢት?»

«ኩንታል ይይዛል።»

ሆዱን ቁልቁል አየ። «ሰድበሽኝ ነበር ማለት ነው።»

«አዎ።»

ሳቀ። ጥርሱ አንዱ ጎድሏል። «ከዚህ የባሰ በራሴ ቋንቋ ተብያለሁ» ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ልሰድበው ስል አፌ ይያዝብኝ ነበር፤ ይህም ራሱ አናደደኝ።

የዚያ ዓመት የመጨረሻው ጨዋታ፣ በመጨረሻው ዙር፣ በአንድ ነጥብ ተመርተን ሳለ ተራው የሱ ሆነ። አንድ የኛ ሯጭ ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱ ከተሳሳተ ግን ሁሉም አለቀ። መታው። ኳሱ የሩቁን ግድግዳ መትቶ ተመለሰ፤ ፊተኛው ሯጭ ገባና እኩል ሆንን። እሱ ሦስተኛው ቤዝ፣ ወደ መነሻው ከመመለሱ በፊት የሚረገጠው የመጨረሻ ምልክት ላይ ሲደርስ አሰልጣኙ በሁለት እጁ «ቁም!» አለው። አልቆመም። ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ያልሮጠውን ሊሮጥ ተነሳ። ሕዝቡ ያንን ስድብ ይጮኻል፤ እኔም ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እጮኻለሁ። መነሻው ላይ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ኳሱ ቀደመው። በደረቱ ተዘርሮ አፈር ላይ ቀረ። በተጨማሪው ዙር ተሸነፍን። ከዚያ ቡድን ሌላ ምን ይጠበቃል? ቢሆንም በአውቶቡሱ መስኮት ፊቴን ሳየው እየሳቅኩ ነበር።

በጸደይ ስንመለስ ቦታው ላይ አንድ ለጋ ልጅ ቁጢጥ ብሏል።

«ያ ሰውዬ የታለ?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«በክረምቱ አሰናበቱት። ጋዜጣው ላይ በሁለት መስመር ወጥቷል።»

በድምፅ ማጉያው አንዲት ቃል አልተነገረለትም። ያን ሳምንት መዝገበ ቃላት ዘርግቼ ለቡድኑ ቢሮ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሥራ ላይ የምትሠራ አንዲት ልጅ እንግሊዝኛዬን ልታለሰልስልኝ ብላ ነበር፤ ከለከልኳት። ውርደታችሁን ለምደነዋል፣ ውለታ ቢስነታችሁን ግን አንለምድም፤ ያ ሰው በጉልበቱ ተሸክሟችኋል፤ ከእንግዲህ ወደ ሜዳችሁ እግሬን አላነሳም፤ የሚል ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። «ለቡድናችን ስላሳዩት ፍቅር ከልብ እናመሰግናለን» ይላል፤ ሁለት ነጻ ትኬት አብሮ ተልኳል።

ባለቤቴ እስኪያስለው ሳቀ። እኔ ትኬቶቹን ልቀዳድዳቸው አነሳሁ፤ ከዚያ ቀኑን አየሁ፤ ከሥራ የማርፍበት ቀን ነው። ቦታው ደግሞ ከወትሮው የተሻለ፣ መረቡ አጠገብ ነበር። ሽማግሌውን ጋብዤ ሄድን። እስከ ሦስተኛው ዙር ብዙ ነጥብ ተቆጠረብን፤ ዝናብም ያዘን። የሚቀጥለውን ሳምንት ትኬት በራሴ ገንዘብ ገዛሁ።