ጋሽ ሙሉጌታ ያዘዙልን ብርድ

የሳሙና አረፋ የሞቀ ብረት ላይ ሲያርፍ የራሱ ሽታ አለው። እኔን ሁልጊዜ ገርጂ ወደነበረው ደጃችን ይመልሰኛል፤ የመኪና ኤሲ ወደሚጠግኑት ጎረቤታችን ወደ ጋሽ ሙሉጌታ።

አባቴ አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችው፤ ከእኛ በላይ ይሳሳላታል። ኤሲ ማብራት ለእሱ ቤንዚን ሜዳ ላይ መድፋት ነበር። “ሸገር ራሷ ኤሲ አይደለች እንዴ?” ይል ነበር።

እናቴ ግን አስም ነበረባት። ያረጁት አባቷ የሚኖሩት ቡልቡላ ሲሆን፣ መንገዱ ያኔ ተቆፋፍሮ አቧራው አያድርስ ነው። መስኮት ሲከፈት አቧራው፣ ሲዘጋ ሙቀቱ ያፍናታል። ስለዚህ መሄዱን ተወችው፤ አያቴም እያደር እየደከሙ ሄዱ። በመጨረሻ አባቴ ጨክኖ ኤሲውን ቢያበራው ትኩስ አየር ተፋበት። ጋራዥ ወስዶ ያስሞላው ጋዝ ሳምንት አልሰነበተም፤ ያኔ መኪናዋን ለጋሽ ሙሉጌታ አሳየ።

ጋሽ ሙሉጌታ የሚያፈሰውን ቦታ ሳያገኙ ጋዝ አይሞሉም። ለመፈተሻ ያህል ጥቂት ብቻ ጨምረው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ቱቦውን ሁሉ በቀለም ብሩሽ የሳሙና አረፋ ቀቡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ላይ አንዲት አረፋ ቀስ ብላ ተነፋች።

አባቴን ገላመጡት። ኤሲዋ ሳትሠራ ተቀምጣ የኮምፕሬሰሩ ማሸጊያ ጎማ ደርቆ ነው፣ በቁጠባ ገደልካት አሉት። በዚያው ቅጽበት በረንዳው ላይ እናቴ በስልክ ስታወራ ተሰማች። “አባዬ፣ መንገዱ ይሻሻል እንጂ እመጣለሁ” ትላለች፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። ጋሽ ሙሉጌታ ብሩሹን እንደያዙ ወደ በረንዳው ዞሩ።

በማግስቱ ጎማውን ቀይረው ሲጨርሱ አባቴን ጠሩት።

“ስማ ግርማ፣ ኤሲዋ በየሳምንቱ ካልሠራች ተመልሳ ትደርቃለች። መኪናዋ ቆማ ደግሞ አይሆንም፣ መንገድ ትፈልጋለች። ቡልቡላ ደርሳ ብትመለስ ይበቃታል። ክረምትም ቢሆን እንዳትዘላት።”

አባቴ ለመኪናው ሲል የማያደርገው የለም። ሐምሌ ላይ እንኳ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ኤሲውን አብርተን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡልቡላ እንወርድ ነበር። እናቴ የአባቷን ጥፍር ትቆርጣለች፣ ታጫውታቸዋለች። አባቴ መጀመሪያ ውጭ ሆኖ መኪናውን ይወለውል ነበር፤ ኋላ ገብቶ ከአያቴ ጋር ዳማ መጫወት ለመደ። አያቴ በዓመቱ ሲያርፉ እናቴ አምርራ አለቀሰች፤ “ሳላየው” ብላ ግን አላለቀሰችም።

አድጌ የራሴን መኪና ስይዝ፣ ኤሲው እንዳይደርቅ በየሳምንቱ ሩቅ መንዳት ያስፈልግ እንደሆነ አንድ መካኒክ ጠየቅሁ። ሳቀብኝ። ለጎማው ከሆነ ደጅ ላይ አቁሞ ለጥቂት ደቂቃ ማብራት ይበቃል አለኝ። ጋሽ ሙሉጌታ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንዴት አድርገው እንደሸወዱን!

ለአባቴ አልነገርኩትም። ዛሬም ቅዳሜ ሲደርስ፣ የሚሄዱበት እንኳ ባይኖር፣ ቁልፉን አንስቶ እናቴን ይጠራታል።

“ተነሺ እንጂ፣ መኪናዋ ልትደርቅ ነው።”