ጋፋት የወረደው ሪሲቨር

አመተማርያም ወንድሟ ቃልኪዳን ለጥምቀት ጎንደር ላይ ከበሮ ሲመታ በቴሌቪዥን ብታየው፣ እልል እያለች በሪሲቨሩ አድርጋ ፍላሽ ላይ ቀዳችው። ጋፋት ያሉት አባቷ መሪጌታ አስረስ ግን አላዩትም፤ ዲሻቸውን ንፋስ ጥሎባቸዋል። ከበሮ ያስተማሩት እሳቸው ሆነው ሳያዩት እንዴት ይቅር!

ፍላሹን ይዛ ደብረ ታቦር ገበያ ስልክ ወደሚሠራው ብርሃኑ ከነፈች። ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ሞከረና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ይሄ ከቀዳው ሪሲቨር በቀር ለማንም አይከፈትም።»

«ታዲያ ሪሲቨሩ እግር ባይኖረው እኔ አለሁለት!»

ቤቷ ተመልሳ ሪሲቨሩን ነቀለች፤ በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋው ባጃጅ ተሳፈረች።

«ክርስትና ልታስነሺ ነው?» አላት ባለባጃጁ፣ ሕፃን መስሎት።

«የለም፣ አያቱን ላሳየው ነው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ጋፋት ደርሳ ሪሲቨሩን ከአባቷ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ ፍላሹን ብትሰካበት፣ ቃልኪዳን ከነከበሮው ብቅ አለ። መሪጌታ ግን ፊታቸው አልፈታ አለ።

«አቁሚው! እዚህ ላይ ቸኮለ። ይድገም!»

ወደ ኋላ መለሰችው። ቃልኪዳን እዚያው ላይ ቸኮለ።

«ይኸው ደግሞ! ዱሮም ጆሮ የለው!»

«አባዬ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም!»

«እንግዲያስ እኔው ልከተለው» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ቃልኪዳን በቸኮለበት ቦታ እሳቸውም ቸኮሉ፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ።

«እርስዎም ቸኮሉ እኮ፣ አባዬ!»

«ዝም በይ! ለካ እንዲህ ነው የሚያምረው። ድገሚው!»