ፋዘር ቶም እማዬን ሦስቴ የጠየቋት ቀን

ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ነገር አብጠርጥሬ አውቅ ነበር፤ ዌስትቼስተር ያለው የወንዶች ኮሌጅ ያለ እናቴ አንድ ቀን አያድርም። አጋነንሽ በሉኝ፣ ግድ የለኝም። ከትምህርት ቤት አውጥታ ከኬሚስትሪ ላቦራቶሪው ጥግ ታስቀምጠኝ ስለነበር፣ በዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው። ከአገር ወጥተን የምንኖረው ዌስት አዳምስ የሚባል ሰፈር ነው፤ ዛሬ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ገና አንድም የኛ ሰው ሱቅ አልነበረም። ኮሌጁን የሚያስተዳድሩት የካቶሊክ ካህናት፣ ተማሪው በሙሉ ወንድ። ቤተ መጻሕፍቱን የያዘችው ግን ሴት፣ ፈተናውን ታይፕ የምትመታው ሴት፣ ሲታመሙ የምታክማቸውም ሴት! እማዬ አዲስ አበባ ኬሚስትሪ ተምራ ስለመጣች የላቦራቶሪውን ዕቃ ታወጣለች፣ አሲዱን ትበጠብጣለች። ወረቀት ላይ የተጻፈው ሥራዋ ይኸው ነው። መምህሩ ፋዘር ቶም ወጣ ሲሉ ግን እነዚያ ቀውላላ ልጆች እየተጋፉ ይከቧታል። “ሚስስ በላቸው፣ የኔ ለምን ጠቆረ?” በላቸው እኮ አያቴ ናቸው፤ ልጆቹ የባሏ ስም መስሏቸው ነው። አሞንያው አፍንጫዬን እየሰነፈጠኝ፣ ስታስረዳቸው በኩራት አያት ነበር።

ሁሉንም በቃል ማስረዳት ሲያሰለቻት መጻፍ ጀመረች። ምን በምን ላይ እንደሚፈስ፣ የት ላይ እጅ እንደሚቃጠል፣ ሁሉንም። በሁለት ዓመት ውስጥ ወፍራም ጥራዝ ሆነና ፋዘር ቶም በመጽሐፍ መልክ ሊያሳትሙት ወሰኑ። አንድ ቀን ከሰዓት መጥተው፣ “ስምሽን ላስገባው?” አሏት።

“ኧረ አይገባም ፋዘር! እኔ ምን ሠራሁና!” አለች እማዬ።

እኛ ቤት ይህ ማለት “እሺ፣ ግን ደግመው ይለምኑኝ” ማለት ነው። እንግዳ ከፍ ብለው ይቀመጡ ሲባል “እዚሁ ይበቃኛል” ይላል፤ ሁለተኛም እንቢ ይላል፤ ሦስተኛው ላይ በሞቴ ሲባል ይቀመጣል። ምስኪኑ ፋዘር ይህን ከየት ይወቁት? “ኦኬ” ብለው ወጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ መንገድ ዳር ፓርክ አደረገችና አለቀሰች። “ሁለት ዓመት የለፋሁበትን አንዴ ጠይቀውኝ ሄዱ!” አለች። ነገ እፈልጋለሁ በያቸው ብላት ቆጣ አለች። “በገዛ አፌ ስሜን ጻፉልኝ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?” በማግስቱ ጥራዙ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ነበር። እንዲያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ፋዘር ቶም ጥራዙን ሊወስዱ ሲመጡ ብድግ አልኩ። “ፋዘር፣ እኛ ጋ ሦስቴ ነው የሚጠየቀው። እርስዎ የጠየቋት አንዴ ነው።”

እማዬ ሁልጊዜ “አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም” ትለኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን በዓይኗ ብቻ ጨረሰችልኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። “ሁለት ይቀርዎታል።”

ፋዘር ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ። “ስምሽን ላስገባው?”

“ኧረ ይቅር ፋዘር…” ድምጿ ግን ሰልሏል።

ከላያችን አውሮፕላን አልፎ ብልቃጦቹ ተንጫጩ። ፋዘር ጸጥ እስኪል ጠበቁ። “እባክሽ፣ ስምሽን ላስገባው?”

እማዬ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። “እሺ። ጥሩነሽ በላቸው ብለው ይጻፉ። ሚስስ የሚለውን ይተዉት።”

መኪና ውስጥ እንደገባን ጭኔን መዝለግ አድርጋ ቆነጠጠችኝ። ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ ስትስቅ ሄደች።

ዛሬ የኔ ልጅ የሆነ ነገር ትፈልጊያለሽ ስትባል ጥያቄው ሳያልቅ “አዎ” ትላለች። ድሮ ብትሆን ዓይን አውጣ ትባል ነበር፤ እኔ ግን ደስ ይለኛል፣ ትንሽም እቀናባታለሁ። ያ ኮሌጅም ዛሬ ሴት ልጅ በሴት ልጅ ሆኗል፤ ከነሱ በፊት እነማን ሴቶች እንደነበሩ የሚጠይቅ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሴት ተማሪዎች የገቡት መጽሐፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ነው። አንዷ ላቦራቶሪው ውስጥ ሽፋኑን ስታገላብጥ ቆይታ ወደ እማዬ ቀና አለች። “ይሄን የጻፍሽው አንቺ ነሽ እንዴ?”

ኧረ አይደለሁም ልትል ነው ብዬ ከጥጌ ሆኜ አየኋት።

“አዎ፣ እኔ ነኝ” አለች እማዬ።