የአባቴን ዲኤክስ ለድሪፍት ያዘጋጀሁ ጊዜ

አባቴ ሰላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ እንደወጣ አንዲት ነጭ ዲኤክስ ገዛ። በዕድሜው የራሱ የሆነች የመጀመሪያ መኪናው ናት። ጠዋት ጠዋት ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ እያጠባት "ቀስ ብለህ ካልያዝካት ትቀየምሃለች" ይለኝ ነበር።

እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሐሳቤ ሁሉ ድሪፍት፣ መኪናን በጎን እያንሸራተቱ መንዳት። ዲኤክስ ኃይሏ ከኋላ ጎማ ስለሆነ ለጀማሪ ከእሷ የተሻለች የለችም ይባላል።

አባቴ እህቱ ሞታ ክፍለ ሀገር ለቅሶ ሊደርስ ሲሄድ ቁልፉን ሰጠኝ። "እናትህን ቤተክርስቲያን አድርሳት" አለ። በማግስቱ ቄራ ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ጋ ወሰድኳት። የኋላውን ወንበር አወጣን፤ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አጠበቅን፤ ከኋላ ያለቁ ጎማዎች ገጠምን። ኩርባ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል ቀረ።

"ሁለቱ የኋላ ጎማዎች እኩል ካልዞሩ አትንሸራተትም" አለ ጓደኛዬ። "መበየድ አለበት፣ በቃ።"

"ከዚያ መመለስ ይቻላል?"

"ሌላ ዲፈረንሻል ከተገኘ።"

"በይደው" አልኩት።

እሁድ ጠዋት ጎተራ አካባቢ ባዶ ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን ስስበው ኋላዋ ወደ ጎን ወጣ። መሪውን ወደ ተቃራኒው አዙሬ ቤንዚን ሰጠኋት፤ ለጥቂት ሰከንድ በጎኗ ሄደች። ብቻዬን ጮህኩ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የዚያን ዕለት እናቴ ቤተክርስቲያን የሄደችው በእግሯ ነው።

አባቴ ካሰብነው ቀን ቀድሞ መጣ። ወንበሩንና ጎማዎቹን መልሰናል፤ ዲፈረንሻል ግን አልተገኘም። ለአባቴ አልነገርኩትም። በማግስቱ እናቴን ሐኪም ቤት ሊያደርስ ሲነሳ እኔም ከኋላ ገባሁ። ከሰፈር መውጫው ጠባብ ኩርባ ላይ ጎማው ሲጢጥ አለ፤ መኪናዋ አልዞርም ብላ ተጎተተች። አባቴ ዳር አቁሞ ሞተሩን አጠፋና በመስታወቱ አየኝ።

"ምን አደረግሃት?"

ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

"ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?" አለ።

"እምቢ ትላለህ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

"እሱስ እል ነበር።"

ወርዶ ለእናቴ በሩን ከፈተላት፤ ክንዷን ይዞ ወደ ታክሲ ተራው ወሰዳት። ቁልፉን እንኳ አልነቀለውም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደህና ዲፈረንሻል አስገጥሜ በር ላይ አቆምኩለት። "እንደ ድሮዋ ሆናለች፤ ሞክራት" አልኩት። ዞሮ በሌላኛው በር ገባና ጋቢና ተቀመጠ።

"አንተ ንዳ። እኔ እሷን አሁን አላውቃትም።"

ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም። ይቅርታ ጠይቄው "ተወው፣ ልጅ አይደለህ" ብሎኛል፤ ከልቡም ነበር። ያንን ማወቄ ግን አላሳረፈኝም። መንጃ ፈቃዱን የሚያድስበት ጊዜ ሲደርስ "ልውሰድህ" ስለው "ምን ሊያደርግልኝ?" አለና ሳቅ አለ።

በቀጣዩ ክረምት አረፈ። ልብሱን ስናጣጥፍ እናቴ ከኮቱ ኪስ መንጃ ፈቃዱን አወጣች። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ይዞት ይዞር ነበር። ሰጠችኝና ኮቱን ማጣጠፍ ቀጠለች።