ውሃ ያመላልስልን የነበረው ሰው

ባለፈው ሰሞን ሰመራ ውስጥ፣ ከቢሮ ወጥተን ሁልጊዜ ምሳ በምንበላባት ዳስ ሥር ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የሥራ ባልደረባችን ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠና «ይህን አይታችኋል?» አለ። የሆነ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ገድሎ ተይዟል። የተጠበሰው ዓሣ ገና መቅረቡ ነበር። ቂጣ ቆርሶ ወደ አፉ ያነሳው ሁሉ እጁ ባለበት ቀረ።

ወዲያው ወሬው ተጀመረ። አንዷ ከዜናው ሥር የተጻፉትን አስተያየቶች ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። «በአደባባይ ይሰቀል» የሚል አለ። «ምን ብታደርገው ነው?» የሚል አለ። «ጎረቤቴ ነበር፣ እንደሱ ያለ ጨዋ አላየሁም» ያለም ነበር። «እኔስ ከመጀመሪያውም ጠርጥሬዋለሁ» የሚልም አልጠፋም። እኔ ምሳውን ሳልነካ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። እነዚያን ቃላት አንድም ሳይቀር ቀድሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ኪስ ውስጥ የሚያዝ ስልክ ባልነበረበት ዘመን፣ አዋሽ ከተማ፣ ከሰው አፍ።

ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የደረሰኝ የመጀመሪያ ምደባ አዋሽ ነበር። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት የሚባለውን ነገር የማውቀው በስም ነው። አዋሽ ያኔ ባቡሩ እያጓራ የሚያልፍባት፣ የጅቡቲ መኪኖች አቧራ ለብሰው የሚያርፉባት፣ የመኪና ግራሶና የሽንኩርት ጆንያ አንድ ላይ የሚሸቱባት ከተማ ነበረች። ከመልካ ወረር በኩል ሐብሐብ በመኪና ተጭኖ ይመጣና መንገድ ዳር ይከመራል። እየተበላ የተጣለውን ልጣጭ ፍየሎች ይሻሙበታል። ቀትር ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ጠጠር እንደወረወሩበት ይንቋቋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ሰው የሚወረውርብኝ መስሎኝ ወጥቼ አይ ነበር።

ያን ሙቀት እንዴት እንደሚችሉት ያስተማረችኝ ሠናይት ናት። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል አንደኛ ክፍልን ታስተምር ነበር። ነጠላ በውሃ ነክራ መስኮቴ ላይ መጋረጃ ስታደርግልኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ፀሐይን ፊት ለፊት አትጋፈጫት፤ ዘወር በይላት» አለችኝ። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯት፤ ትልቋ እዚያው እናቷ ክፍል ትማራለች፣ ትንሿ ገና ድክ ድክ ትላለች።

ባሏ ግርማ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። የቧንቧ ውሃ ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ሰፈራችን የሚጠጣው እሱ ከሚያመጣው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ቦቴው ሲቆም የውሃ መቅጃውን ጎማ ለረዳቱ አይሰጥም፤ ጠብታ እንዳይፈስ ራሱ ይዞ በርሜል በበርሜል ይሞላል። አሮጊት ካለች ከእሷ ይጀምራል። አከራዬ እማማ ሐሊማ እሱን ባየች ቁጥር «አላህ ከፍ ያድርግህ» ሳትለው አትቀርም። እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ «አሜን እማማ» ይላል። ከተማው ውስጥ ስለ ጥሩ ሰው ሲወራ ስሙ ይጠራ ነበር።

የግንቦት ወር እሑድ ነው። ከቀትር በኋላ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ውጭ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። እማማ ሐሊማ ባዶ እግሯን ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ሰዉ በግርማ ቤት ፊት ለፊት ተሰብስቧል። እሱ ከቦቴው መወጣጫ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው። ፖሊሶች ከቤቱ ሲወጡ አንደኛው በሩን ዘግቶ ማንም እንዳያይ ቆመበት። ያን ጊዜ ሠናይትና ልጆቹ በሕይወት እንደሌሉ ሁላችንም ገባን። ግርማ ሳይጠሩት ተነሳና እጁን ዘረጋላቸው። ወስደውት ከዓይናችን ጠፋ።

ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች። ሮጣ ደጇ ያለውን በርሜል አቅፋ ገለበጠችው። «ከእጁ የቀዳነው ነው! ትናንት ከእጁ የቀዳነው ነው!» ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ። በርሜሉም ጀሪካኑም እንስራውም ተደፋ። እማማ ሐሊማም እያለቀሰች፣ «ኢና ሊላሂ» እያለች የራሷን ደፋች። ያ ውሃ በአቧራው ላይ ሲወርድ ከየጥጋጥጉ ፍየሎች ሮጠው መጡና በሰው እግር መሃል ይጠጡ ጀመር። ያን ዕለትና በማግስቱ ሕፃናት በጥም ሲያለቅሱ ነበር። ቢሆንም «ለምን ደፋን?» ያለ ሰው አልሰማሁም። እኔ ራሴ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ ያ ውሃ ቢመለስ የምጠጣው አይመስለኝም ነበር።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ የሠናይት ተማሪዎች ያለወትሯቸው በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሩ ከእኔ ተማሪዎች ጋር እንድቀላቅላቸው ነገረኝ። አንድ ወንበር ላይ ሦስት አራት ሆነው ተጣበቁ። ያን ቀን ያስተማርኩትን አላስታውስም። የማስታውሰው በእናቷ ክፍል የትልቋን ቦታ ማንም ሳይነካው መቅረቱን ነው።

ከተማው ግን እያወራ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ጉድ» ብቻ ነበር የሚባለው፤ በሁለተኛው ቀን ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። ሙቀቱ ነው አሉ። መድኃኒት አዙረውበት ነው አሉ። ወንዶቹ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ሆነው፣ «ዝም ብሎ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ የሆነ ነገር ደርሶበት ነው» ሲሉ፣ ሠናይት ገና ሳትቀበር ስሟ መነሳት ጀመረ። እስከ ቅዳሜ ድረስ «አላህ ከፍ ያድርግህ» የተባለው ሰው፣ ሰኞ ዓይኑ ከድሮም የሚያስፈራ ሆነ። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሰዉ ሲያወራ ድምፁ ውስጥ የነበረው ሙቀት ነው። የሚያዝንም የሚቸኩልም ይመስላል። ግርማ ፖሊስ ጣቢያ አጥር ውስጥ ነው፤ እጅ አይደርስበትም። ያ ሁሉ ቁጣ የሚያርፍበት ሰው ይፈልግ ነበር።

አገኘም። የግርማ ታናሽ ወንድም ደረጀ ከትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት ጎሚስታ ነበር። የመኪና ጎማ ይጠግናል፤ የተማሪዎቼንም ኳስ በነፃ ይነፋላቸዋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ «የገደለበት ብረት ከደረጀ ቤት የወጣ ነው» የሚል ወሬ ተነሳ። ውሸት እንደነበር ፖሊስ ኋላ ተናግሯል፤ ያን ጊዜ ግን የጠየቀ የለም። መኪና የሚያቆምለት ሹፌር ጠፋ። አንዱ መጥቶ ጎማ የሚፈትሽበትን ገንዳ በእርግጫ ገለበጠው። ወጣቶች ከመንገዱ ማዶ ግንቡ ሥር ተቀምጠው ያዩታል። እግራቸው ሥር ድንጋይ ተከምሯል።

ከትምህርት ቤት ስወጣ ሄጄ፣ «ደረጀ፣ ለምን ዘግተህ አትሄድም?» አልኩት።

«ብዘጋ ጥፋተኛ ስለሆነ ሸሸ ይላሉ፣ ቲቸር» አለኝ። ዓይኑ ደም መስሏል። «ደግሞስ የት እሄዳለሁ? እነዚያ ልጆች የእኔም ናቸው።»

ከተማው የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበር፦ የሠናይት ወንድም ካሳሁን። በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መኖሪያው ሎጊያ። መርዶው በሹፌሮች አፍ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየተላለፈ እንደደረሰው ተሰማ። አስከሬኖቹም ለምርመራ ተወስደው ስለነበር ቀብሩ እሱ እስኪመጣ ቆየ። «ካሳሁን ይምጣ» ይባል ነበር በየደጁ። «ይምጣና ደረጀ የሚገባበትን እናያለን።» ከአዋሽ አርባ በኩል መኪና ብቅ ባለ ቁጥር ሰው ከተቀመጠበት ይነሳል። ሙሽራ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይኑን መንገድ ላይ ተክሎ የሚውልም ነበር።

ማክሰኞ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መጣ። ተሳቢውን መንገዱ መሃል አቁሞ ወረደ። ደልደል ያለ፣ ፊቱ ላይ አቧራና እንባ ተጣብቆ የደረቀበት ሰው ነው። ተማሪዎቹን ቤት ሰድጄ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሕዝቡ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ መንገዱ በአንዴ ሞላ። አንዱ በጣቱ እያሳየው «ያውልህ!» አለ። ካሳሁን ቀጥ ብሎ ወደ ጎሚስታው ሄደ። ግንቡ ሥር የነበሩት ድንጋያቸውን ይዘው ተከተሉት። ደረጀ አልሸሸም። ከተቀመጠበት ጎማ ላይ ተነሳና እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ደረጀ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«መልእክትህ ደርሶኛል» አለ ካሳሁን። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ሰዉ ለመስማት ተጠጋ። «ጅቡቲ ነበርኩ። ሎጊያ ስመለስ ነው ሹፌሮቹ የነገሩኝ። ‹እህትህን መጥተህ ውሰድ› ብለሃል። ልመጣ ስነሳ መርዶው ደረሰኝ።»

ደረጀ እንደ ልጅ አለቀሰ። «ልጆቿን ይዛ እኔ ቤት ገብታ ነበር። ይገድለኛል አለችኝ፤ አመንኳት። አትመለስም አልኩ። ወንድሜ ሽማግሌ ልኮ ወሰዳት። እግራቸው ላይ ወድቄ ለምኛቸው ነበር።»

ይህን ከዚያ በፊት አልሰማሁም። የሰዉን ፊት ሳይ ግን ብዙዎቹ ያውቁ እንደነበር ገባኝ። ካሳሁን ቀስ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«የትኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው?»

ከዚያ አንገቶች አንድ በአንድ ዞሩ። የእድራችን ዳኛ አቶ መኮንን ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር። ማንም ሳይነካቸው ዙሪያቸው ባዶ ሆነ። ለደረጀ የተያዘው ድንጋይ ወደ እሳቸው ሲዞር በዓይኔ አየሁ፤ ያዦቹ ያው ናቸው፣ ፊታቸውም ያው ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ መኮንን። «ትዳር አይፍረስ ብለን ነው። ልጆችሽን አትበትኚ፣ ቻይው አልናት። እሱም ማለልን። ማለልን እኮ!»

«በለው!» አለ አንድ ድምፅ ከመሃል።

ካሳሁን እጁን አነሳ። «ማነው በለው ያለው? ማንን ነው የምመታው? እኔ ጅቡቲ ነበርኩ። እናንተ ግን እዚህ ነበራችሁ። ግድግዳችሁ ከግድግዳዋ ጋር የተያያዘ እናንተ፣ ጩኸቷን ሰምታችኋል ወይስ አልሰማችሁም?» ያኔ በርሜሏን መጀመሪያ የገለበጠችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን አየሁ። «የምቀብረው ሦስት ሰው አለኝ። አራተኛ አትጨምሩብኝ። ድንጋይ የያዘ እዚሁ ይጣልና ድንኳን ለመትከል ይምጣ። ካልሆነ ቤቱ ይግባ።»

ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ አንድ ድንጋይ ወደቀ። ቀጥሎ ሌላ።

በማግስቱ ቀበርናቸው። የትንሿን ሣጥን አንዱን ጎን ካሳሁን ያዘ፤ ሌላውን ደረጀ ሲያነሳ ማጉረምረም ተሰማ። ካሳሁን ዞር ሳይል «አጎቷ ነው፣ ይሸከማታል» አለ። አቶ መኮንን ከሁሉም ኋላ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ እድሩንም ሽማግልናውንም ተዉት። ግርማ ተፈርዶበት ከከተማው ሲወሰድ እንደገና ሰው ወጥቶ አየው፤ በዚህም ጊዜ ቢሆን ምን እንደሚፈልግ ያወቀ አልመሰለኝም። ሰው የሚጠብቀውን ምክንያት እሱም አልተናገረም።

ደረጀ ሎጊያ ሄዶ ጎሚስታ ከፈተ፤ ቦታውን የፈለገለት ካሳሁን ነው ይባላል። እማማ ሐሊማ ደግሞ በተከታዩ ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ሸሽታ ቤታችን ብትገባ፣ ሊያስታርቁ የመጡትን ሰዎች ደጅ ላይ አቁማ፣ «ሻይ ልስጣችሁ፤ ልጅቷን ግን አልሰጣችሁም። ወላሂ አልሰጥም» አለቻቸው። ሻዩንም ሳይጠጡ ሄዱ።

ይህን ሁሉ ያን ቀን ሰመራ ዳስ ሥር አወራሁላቸው። ዓሣው ቀዝቅዞ ዝንብ ሰፍሮበታል። ከመካከላቸው የመጀመሪያው ጥያቄ «እትዬ፣ ግን ለምን ገደላቸው?» የሚል ነበር። አላውቅም አልኳቸው። እስከ ዛሬም አላውቅም። ሰዉ ይህን አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ ሠላሳ ዓመት ሰማሁ። መልስ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ልትወጣ ስትል ማን መለሳት? እሱን የሚጠይቅ ግን አይገኝም፤ መልሱ ከቤታችን ብዙ አይርቅማ።

ቀጥለው የሰውየውን ሙሉ ስም ጠየቁኝ፤ የት እንደታሰረ፣ ዛሬ በሕይወት ይኖር እንደሆነ። ስለ እሱ የማውቀው እዚህ ላይ አበቃ አልኩና፣ ማንም ያልጠየቀኝን ነገርኳቸው። ሠናይት ብትኖር ዘንድሮ ጡረታ ትወጣ ነበር። ትልቋ ሕይወት ትባላለች፤ አሁን የእናንተ እኩያ ትሆን ነበር። ትንሿ ረድኤት።